ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ፦ የእጅ ሕመምና የጽሕፈት መሣሪያ ታሪክ

አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት ክንዶቹን ሳያስጨንቅ ጠረጴዛ ላይ ቢያሳርፍ፣ ክንዶቹ ከትከሻ ስፋት ተነሥተው ወደ ፊት ሲዘረጉ በመጠኑ ይቀራረባሉ። መዳፎቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ጠረጴዛው አይገለበጡም፤ በከፊል እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የእጅ አንጓውም ከክንዱ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ያው ሰው በተለመደው ኪቦርድ ላይ ለመጻፍ ሲነሣ ግን ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ጣቶቹ በአንድ ቀጥተኛ ረድፍ ላይ እንዲሰለፉ ሁለቱም እጆች ከአንጓቸው ላይ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ይታጠፋሉ። መዳፉ ጠፍጣፋውን ሰሌዳ እንዲገጥም ራዲየስ የተባለው የክንድ አጥንት በአልና ላይ እስከ መጨረሻው ገደማ ይዞራል። የኪቦርዱ የኋላ ጠርዝ ከፊተኛው ከፍ ያለ በመሆኑ ደግሞ እጁ ከአንጓው ወደ ላይ ይቀለበሳል።

እነዚህ ሦስት መታጠፎች ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይደሉም። በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት፣ ለዓመታት ሲደጋገሙ ግን ጅማቶች በአንጓው ላይ ተጣመው እንዲንቀሳቀሱ፣ ክንድን የሚያዞሩ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት እንደተወጠሩ እንዲቆዩ፣ ሚዲያን ነርቭ በሚያልፍበት ጠባብ ዋሻ ውስጥም ግፊት እንዲጨምር ያደርጋሉ። ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ የታሰበው ይህንን ለማረም ነው፤ ሰሌዳው ከመካከል ተከፍሎ ሁለቱ ገጾች ከክንዶቹ አቅጣጫ ጋር እንዲገጥሙ ይዞራሉ፣ መካከሉም እንደ ቤት ጣሪያ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዳፈናል። ይህ ሐሳብ የኮምፒዩተር ዘመን ግኝት ይመስላል። በእርግጥ ግን ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፋል፤ ለረጅም ጊዜም ሰሚ አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከብዕር እስከ ቴሌግራፍ

የጽሕፈት ሥራ በእጅ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዝርዝር ከገለጹት ሐኪሞች መካከል ቀዳሚው ጣሊያናዊው በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። በሞዴና፣ ቀጥሎም በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ይህ ሐኪም በ1700 ባሳተመውና በ1713 ባስፋፋው የሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፉ፣ ሐኪም ሕመምተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው እንዲጨመር መምከሩ ዛሬም ይጠቀስለታል። ስለ ጸሐፊዎች ሲናገር ለሕመማቸው ሦስት ምክንያቶችን ይሰጣል፦ ያለማቋረጥ መቀመጥ፣ እጅን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ማንቀሳቀስ፣ እንዲሁም ስሕተት እንዳይገባ አእምሮን ማስጨነቅ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ ኖሮ ቀኝ እጁ ስለሰለለበት አንድ የውል ጸሐፊም ይተርካል። ሰውየው በግራ እጁ መጻፍ ተማረ፤ ብዙ ሳይቆይ ግራው እጅም ያንኑ ሕመም ያዘ።

የራማዚኒ ሦስት ምክንያቶች በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። ከሦስቱ አንዱ የአካል አቀማመጥ፣ አንዱ የእንቅስቃሴ ድግግሞሽ፣ አንዱ ደግሞ የሥራ ጭንቀት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን መርጠው ሌሎቹን ጥለዋል፤ የክርክሩም ሥር ከዚህ ላይ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊዎች ሲበዙ «የጸሐፊ እጅ መኮማተር» የሚባለው ሕመም ወደ ሐኪሞች ዓይን ገባ። ቻርልስ ቤል በ1830 ስለ እርሱ ጻፈ፤ የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ሳሙኤል ሶሊም በ1864 በሕትመት የወጣ ትምህርት ሰጠበት። ቴሌግራፍ ሲስፋፋ ደግሞ አንዲትን ቁልፍ ቀኑን ሙሉ ሲነኩ የሚውሉት ሠራተኞች በተመሳሳይ ሕመም ተያዙ። እንግሊዝ በ1908 የቴሌግራፈኞችን ሕመም ካሳ ከሚከፈልባቸው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚቴ በ1911 ባቀረበው ዘገባ ግን ሕመሙ ከሁለት ነገሮች ጥምረት እንደሚመጣ ደመደመ፦ አንደኛው በረቀቀ እንቅስቃሴ ወቅት የሚደጋገመው ድካም ነው፤ ሁለተኛው የሠራተኛው «የነርቭ አለመረጋጋት» ነው። በዚህ አነጋገር የጥፋቱ እኩሌታ በታማሚው ትከሻ ላይ ዐረፈ። ይህ ፍርድ ከሰባ ዓመት በኋላ በሌላ አህጉር ተመልሶ ይመጣል።

የሚልዋኪው ሰሌዳ

የጽሕፈት መኪና ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ እዚህ ላይ ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ብቻ ማንሣት ይበቃል። ክሪስቶፈር ላታም ሾልስና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ የሠሩት መኪና በ1868 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ የሬሚንግተን ፋብሪካ በ1873 ውሉን ተቀብሎ በ1874 ለገበያ አቀረበው። በዚያ መኪና ውስጥ እያንዳንዷ ቁልፍ ከረጅም ዘንግ ጋር የተያያዘች ናት፤ ዘንጉም ፊደሉን የተሸከመውን ክንድ አንሥቶ ወረቀቱ ላይ ይመታል። ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው ሳይጋጩ እንዲያልፉ ከተፈለገ የየረድፉ ቁልፎች ትክክል ከላይና ከታች ሊሆኑ አይችሉም፤ በመጠኑ ወደ ጎን መሸሽ አለባቸው። ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ ባለው ኪቦርድ የፊደላቱ ረድፎች አንዱ ከሌላው ሸሸት ብለው የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ዘንጎቹ ከጠፉ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሽሽቱ ግን ቀርቷል።

የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች የሚጽፉት እያዩ በጥቂት ጣቶች ነበር። እጅ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው እየዘለለ ሲሠራ የሰሌዳው ቅርጽ ብዙም አያስጨንቅም። ነገሩ የተለወጠው ዓይንን ከሰሌዳው ላይ አንሥቶ በአሥር ጣት የመጻፍ ዘዴ ሲስፋፋ ነው። በ1888 በሲንሲናቲ ከተማ በተደረገ ውድድር ፍራንክ ማክጉሪን በዚህ ዘዴ ጽፎ ተፎካካሪውን በሰፊ ልዩነት ማሸነፉ ለዘዴው ታላቅ ማስታወቂያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ትምህርት ቤቶች ጣቶች በመካከለኛው ረድፍ ላይ እንዲቀመጡና ከዚያ እንዳይነቀሉ ማስተማር ያዙ። ፍጥነቱ ጨመረ፤ በዚያው መጠን ግን የእጅ አንጓ ቀኑን ሙሉ ተጣሞ በአንድ ቦታ እንዲቆም ተገደደ። ሕመሙን በማምጣት ረገድ ከሾልስ መኪና ይልቅ ይህ የአጻጻፍ ዘዴ ሳይበልጥ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ለዚህ መልስ ለመስጠት የተሞከረው ሳይውል ሳያድር ነው። ሄይድነር የተባለ ፈልሳፊ ለሁለት የተከፈለ የጽሕፈት መኪና ሰሌዳ በ1915 በአሜሪካ አስመዘገበ። ከሁሉ ይልቅ ጥልቅ ጥናት ያቀረበው ግን ጀርመናዊው ኤሪክ ክሎከንበርግ ነው። በ1926 በበርሊን ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተለመደው ሰሌዳ ትከሻን፣ ክንድንና እጅን እንዴት እንደሚያስጨንቅ ከዘረዘረ በኋላ፣ ሰሌዳው በሁለት እንዲከፈል፣ ሁለቱ ክፍሎች ወደ ክንዶቹ አቅጣጫ እንዲዞሩና ወደ ጎን እንዲዳፈኑ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በመደብር የሚታየው ኪቦርድ መሠረታዊ ቅርጽ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሳቡ ለምን በወረቀት ላይ ቀረ? አንደኛው ምክንያት መካኒካዊ ነው። ከእያንዳንዷ ቁልፍ የሚነሣው ዘንግ ወደ አንድ መምቻ ቦታ መድረስ ስላለበት፣ ሰሌዳውን ከፍሎ ማጣመም ማለት የመኪናውን ሆድ እንዳለ እንደገና መሥራት ማለት ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከመኪናው ይልቅ ጠንካራ ነው፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች በአሮጌው ሰሌዳ ሠልጥነው ነበር። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኦገስት ድቮራክ ከዊልያም ዲሊ ጋር ሆኖ በ1936 የፈጠራ መብት ያገኘበት አዲስ የፊደላት አደራደር የገጠመው ዕጣ ለዚህ ምስክር ነው። ድቮራክ የሰሌዳውን ቅርጽ እንኳ አልነካም፤ የፊደላቱን ቦታ ብቻ ለወጠ፤ ያም ሆኖ ገበያው አልተቀበለውም።

ሽቦ ዘንግን ሲተካ

የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ሲመጡ የመጀመሪያው ምክንያት ከሥሩ ተነቀለ። ቁልፍ አሁን የምታደርገው አንድ የኤሌክትሪክ መስመር መዝጋት ብቻ ነውና የትም ብትቀመጥ ግድ የለም። ካርል ክሮመር የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ አጋማሽ «ኬ-ሰሌዳ» ብሎ የሰየመውን ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ሠርቶ ከተለመደው ጋር አወዳደረ። ሁለቱን ክፍሎች ከጠፍጣፋ አንሥቶ መዳፎች ፊት ለፊት እስኪተያዩ ድረስ በተለያየ ዘዌ እያዘነበለ ፈተናቸው። በ1972 በአሜሪካ ባሳተመው ጽሑፉ እንዳመለከተው፣ ተፈታኞቹ በተከፈለው ሰሌዳ ሲጽፉ የሚሰማቸው ሕመም ያንስ ነበር፤ ስሕተታቸውም ቀንሷል። በፍጥነት ረገድ ግን የጎላ ብልጫ አልታየም።

ፍጥነት አለመጨመሩ ቀላል ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤት መሣሪያ የሚገዛው ሥራ ለማፋጠን ነው፤ የጸሐፊት አንጓ ሕመም በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። በዙሪክ ኤትየን ግራንዣንና ባልደረቦቹ በ1985 ባሳተሙት ጥናት ለመክፈቻው 25 ዲግሪ፣ ለጎን ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ተስማሚ መሆኑን ቢያመለክቱም፣ ይህም ግኝት ለጊዜው ከቤተ ሙከራ ብዙ አልራቀም። በእንግሊዝ ሊሊያን ሞልት የተባለች የጽሕፈት ሥልጠና ባለሙያ በ1970ዎቹ ከመሐንዲሱ ስቲቨን ሆብዴይ ጋር ሆና ሞልትሮን የተሰኘውን ኪቦርድ አወጣች። የሞልትሮን አዲስ ነገር ሁለት ነው። ጣቶች ቁመታቸው እኩል አለመሆኑን በማሰብ ቁልፎቹ እንደ ሳሕን በጎደጎደ ገጽ ላይ ተደረደሩ፤ ክፍተት ብቻ ስትመታ ለኖረችው አውራ ጣትም በርካታ ቁልፎች ተሰጧት። ዋጋው ውድ፣ ገዢው ጥቂት ቢሆንም በኋላ የመጡት ሁሉ ከእርሱ ተምረዋል።

የአውስትራሊያ ወረርሽኝ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአውስትራሊያ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር በብዛት ሲያስገቡ የእጅና የክንድ ሕመም አቤቱታ በድንገት ናረ። በቴሌኮም አውስትራሊያ ብቻ በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ሕመሙን አስመዘገበ። የድርጅቱ ሐኪም ብሩስ ሆኪንግ በ1987 ያሳተመው ትንተና ግን ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲመቱ የሚውሉት ቴሌግራፈኞች የታመሙት ከ1,000 ሠራተኛ 34 ሲሆኑ፣ ከእነርሱ እጅግ ያነሰ ቁልፍ የሚመቱት የስልክ ኦፕሬተሮች ግን ከ1,000 ሠራተኛ 343 ነበሩ።

ከዚህ ቁጥር ሁለት ጎራዎች ተነሡ። አንዳንድ ሐኪሞች ሕመሙ ከአካል ሳይሆን ከአእምሮ ነው፣ የካሳ ሕጉና የመገናኛ ብዙኃን ጩኸት የፈጠረው ነው አሉ። የ1911ዱ «የነርቭ አለመረጋጋት» በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ሌሎች ደግሞ የስልክ ኦፕሬተሮች ሥራ በየሰከንዱ ቁጥጥር የሚደረግበት፣ ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ የማያርፍበት መሆኑን አመለከቱ። ቁጥሩ ራሱ የሚለው ከሁለቱም ጩኸት ያነሰ ነው፦ የሕመሙ መጠን ከቁልፍ ምት ብዛት ጋር አብሮ አልሄደም። ራማዚኒ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀመጣቸው ሦስት ምክንያቶች አንዱ ለብቻው በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ታማሚዎቹን በተመለከተ ግን ክርክሩ ውድ ዋጋ አስከፍሏል፤ አስመሳይ ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ሕመሙን ቶሎ አይናገርም፣ ቶሎም አይታከምም።

ገበያውና ፍርድ ቤቱ

በአሜሪካ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኪቦርድ አምራቾች ላይ በርካታ ክሶች ተመሠረቱ። በ1995 በሚኒሶታ የተሰማው ክስ ለአምራቹ አይ.ቢ.ኤም. ተፈረደ፤ በ1996 መጨረሻ ደግሞ በብሩክሊን የተቀመጠ ዳኝነት አምራቹ ዲጂታል በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንዲከፍል ወሰነ፣ ትልቁን ካሳ ግን ዳኛው በሚቀጥለው ዓመት ሻረው። ሕመሙ ከኪቦርዱ ስለመምጣቱ ፍርድ ቤቶች የማያሻማ መልስ አልሰጡም።

ለስድሳ ዓመታት ከወረቀት ያልወረደው ሐሳብ በእነዚሁ ዓመታት በአንድ ጊዜ በየመደብሩ መታየቱ አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ ማመን ያዳግታል። ኪኔሲስ የተባለው ኩባንያ በ1992 የሞልትሮንን ፈለግ የተከተለ፣ ሁለት ጎድጓዳ ገጾች ያሉት ኪቦርድ አቀረበ። አፕል በ1993 ከመካከሉ እንደ ማጠፊያ የሚከፈት ሰሌዳ አወጣ። ሌክስማርክም ለአይ.ቢ.ኤም. ለሁለት የሚለያይና የሚያዘነብል ኪቦርድ ሠራ። ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው በ1994 የወጣው የማይክሮሶፍት ናቹራል ኪቦርድ ነው። ይህ ሰሌዳ የማይስተካከል፣ በአንድ ቅርጽ የቆመ ነበር፤ ለዚህም ነው የተሳካለት ማለት ይቻላል። የሚስተካከሉት ኪቦርዶች ተጠቃሚውን እንዴት ማስተካከል እንዳለበት ካልነገሩት ብዙውን ጊዜ ከሳጥን በወጡበት ሁኔታ ይቀሩ ነበር፤ ናቹራል ግን የሚያውቅም የማያውቅም ሰው እጁን ሲያሳርፍበት ያንኑ ዘዌ ያገኛል።

ጥናቶቹ የተናገሩት

አቀማመጥን በተመለከተ መልሱ ግልጽ ነው። በማርኬት ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ማርክሊንና ባልደረቦቹ 90 የጽሕፈት ባለሙያዎችን መርምረው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በተለመደው ኪቦርድ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ በአማካይ 12 ዲግሪ ያህል ይታጠፍ የነበረው አንጓ፣ በትክክል በተቀመጠ የተከፈለ ኪቦርድ ላይ ከቀጥተኛው መስመር በ5 ዲግሪ ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። ማርኬት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሾልስ ሰሌዳውን በሠራባት በዚያችው ሚልዋኪ ከተማ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

ሕመምን በተመለከተ ግን መልሱ ይከብዳል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች 50 ሰዎችን በተለያዩ ኪቦርዶች ለሁለት ቀን አጽፈው በ1997 ባወጡት ውጤት በምቾትም በድካምም የጎላ ልዩነት አላገኙም። ተፈታኞቹ ጤነኞች ነበሩ፣ ጊዜውም አጭር ነበር። ፒያራ ቲቲራኖንዳ፣ ዴቪድ ሬምፕልና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት የተሻለ ነው። በሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የሚሠሩና የእጅ ሕመም የነበራቸው 80 ሰዎች በዕጣ ተከፋፍለው ከአራት ዓይነት ኪቦርዶች አንዱን ለስድስት ወር ተጠቀሙ፤ ከአራቱ አንዱ ለማነጻጸሪያ የተሰጠ ተራ ኪቦርድ ነበር። የማይክሮሶፍት ናቹራል የደረሳቸው ሰዎች ሕመማቸው ቀነሰ፣ የእጃቸውም ተግባር ተሻሻለ። ለውጡ የታየው ከወራት በኋላ እንጂ ወዲያው አልነበረም፤ በሐኪም ምርመራ የሚገኙት ምልክቶች ግን ከማነጻጸሪያው ቡድን የተለየ መሻሻል አላሳዩም።

በዚያው ዓመት ሬምፕል ያሳተመው ሌላ አነስተኛ ጥናት የቁልፉን የውስጥ አሠራር ይመለከታል። ቅርጻቸው ተመሳሳይ፣ የቁልፋቸው አሠራር ግን የተለያየ ሁለት ኪቦርዶች የእጅ መደንዘዝ ለነበራቸው 20 ሰዎች ተሰጡ። በስድስተኛው ሳምንት ልዩነት አልታየም። በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ግን የአንደኛው ኪቦርድ ተጠቃሚዎች ሕመም ቀነሰ፣ የፋለን ምርመራቸውም ተሻሻለ፤ የነርቭ ማስተላለፍ ፍጥነታቸው ግን አልተለወጠም። ኪቦርድ ቀይሮ በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አልጠቀመኝም» የሚል ታማሚ ምናልባት ፍርዱን ያፋጠነ ይሆናል።

በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ለካርፓል ተነል ሲንድሮም ሕክምና የሚሆኑ የኤርጎኖሚክ መሣሪያዎችን ሲፈትሽ መስፈርቱን ያሟሉለት እነዚሁ ሁለት የ1999 ጥናቶች ብቻ ነበሩ፤ በአጠቃላይ 105 ታካሚዎች። ገምጋሚዎቹ ጠቃሚነቱን ለማረጋገጥም ለመካድም ማስረጃው አይበቃም አሉ። በኮምፒዩተር መጻፍ ካርፓል ተነልን ያመጣል የሚለው የተለመደ አባባል ራሱ ጽኑ መሠረት የለውም። በዴንማርክ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ በ2003 የታተመው ጥናት ከኪቦርድ አጠቃቀም ጋር ግንኙነት አላገኘም፤ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማውስ ከሚጠቀሙት ላይ ግን መጠነኛ ግንኙነት ታይቷል። ኪቦርድን አጥብቆ ሲመረምር የኖረው ዓይን በጎኑ ያለችውን ትንሽ መሣሪያ ዘንግቷት ነበር።

በራስ እጅ የሚሠራው ዘመን

ከ2010 ወዲህ ታሪኩ ከኩባንያዎች እጅ ወጥቶ ወደ ተጠቃሚዎች ተሻገረ። በ2012 ገደማ የተስፋፋው ኤርጎዶክስ የተሰኘ ንድፍ ለማንም ክፍት ሆኖ ቀረበ። ሁለቱ ክፍሎች በአጭር ገመድ ብቻ የተገናኙ በመሆናቸው በትከሻ ስፋት ልክ ሊራራቁ ይችላሉ። ቁልፎቹ የተደረደሩት በየጣቱ ቁመት ልክ ከላይ ወደ ታች ነውና የሚልዋኪው የጎን ሽሽት በመጨረሻ ጠፋ። ሙንላንደር በ2020፣ ክፍሎቹ ሙሉ በሙሉ የተለያዩበት የኪኔሲስ ሞዴል ደግሞ በ2022 ተከተሉ።

አብዛኞቹ ሜካኒካል ቁልፎችን ይጠቀማሉ። በርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ከቁልፎቹ ሥር ያለው የጎማ ንጣፍ ነው፤ ምልክቱ የሚተላለፈው ጎማው ሲሰበር፣ ጣቱም ከታች ሊደርስ ሲል ነው። በሜካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷ ሞላና መገናኛ አላት። በ1980ዎቹ በጀርመን ቼሪ ኩባንያ የተሠራው የታወቀው ዓይነት 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ምልክቱን ግን በ2 ሚሊ ሜትር ላይ ያስተላልፋል። በመሆኑም ጣት እስከ መጨረሻው መውረድ አያስፈልጋትም። በተግባር ግን ሰው ቁልፍን ከሚያስፈልገው ኃይል በብዙ እጥፍ አብልጦ እንደሚመታ ተለክቶ ታውቋል። ቀላል ሞላ የመረጠ ሁሉ በቀላሉ ይመታል ማለት አይደለም፤ ልማድ ከሞላ ይጠነክራል።

ታማሚ ስለ ምርጫ ሲጠይቅ የጤና ባለሙያው ከታሪኩ የሚያገኘው ጥቂት ተግባራዊ ነገር አለ። ሕመሙ የት ነው የሚለው ይቀድማል። በትንሿ ጣት በኩል ያለ የአንጓ ሕመም ከሆነ የሁለቱ ክፍሎች መዞርና መራራቅ ይመለከተዋል፤ ሕመሙ በክርን አጠገብ ባለው የክንድ ክፍል ከሆነ የጣሪያው ተዳፋት የበለጠ ይጠቅም ይሆናል። ኪቦርዶች ከኋላቸው ያሏቸውን ትንንሽ እግሮች ማጠፍ ገንዘብ አያስወጣም፤ እጅ ወደ ላይ እንዳይቀለበስ ያግዛል። በስተቀኝ ያለው የቁጥር ክፍል የሌለበት ኪቦርድ ማውሱን ወደ አካል ስለሚያቀርብ ትከሻን ያሳርፋል፤ ከዴንማርኩ ጥናት አንጻር ይህ ከመከፈሉ ያነሰ ጥቅም ላይሆን ይችላል። በአውራ ጣት ላይ ብዙ ቁልፍ የሚጭኑት ንድፎች ግን በአውራ ጣት ሥር የጅማት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ላለው ሰው አይመከሩም፤ ሸክሙን ከአንድ ጣት አንሥተው በታመመው ላይ ያስቀምጡታልና።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ሲደክሙ የገጠማቸው የፊደል ብዛት በኮምፒዩተር የተፈታው ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ በመምታት ነው። «ሆስፒታል» አምስት ፊደል ነው፤ በድምፅ ላይ በተመሠረተው አቀማመጥ ግን ስምንት ምት ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛው ከሚጠይቀው ጋር እኩል። በዚሁ አቀማመጥ ግዕዝንና ራብዕን የሚሰጡት ሁለቱ አናባቢ ቁልፎች ሁለቱም በግራ እጅ በኩል ናቸው፤ የራብዑ ቁልፍማ የዋለችው በግራዋ ትንሽ ጣት ላይ ነው። አማርኛ ራብዕ የሚበዛበት ቋንቋ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ የታካሚ ታሪክ ወይም ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛ ግራ እጁን ቢያመው ቀኝ ባለመሆኑ ብቻ ሊደነቅበት አይገባም። የአሁኖቹ የተከፈሉ ኪቦርዶች አንዱ ጥቅም የቁልፎችን ቦታ በተጠቃሚው ፈቃድ መለወጥ ማስቻላቸው ነው፤ ያችን አናባቢ ከትንሿ ጣት አንሥቶ ለአውራ ጣት መስጠት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል፣ ጣቶቹ አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ግን ሳምንታት ይወስዳል።